የሶፍትዌር ባለሙያዎች ምሽት እና የወለጋ ቡና ማሳ

ቡናውን ለገበያ የሚያቀርብ የወለጋ አርሶ አደር ለረጅም ዘመን ሲጠየቅ የኖረው ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ኪሎ ነው፣ በደንብ ደርቋል ወይ፣ አፈርና ጠጠር አልተቀላቀለበትም ወይ? አሁን አራተኛ ጥያቄ እየመጣ ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ የት ነው? «ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር» የሚለው መልስ ለጎረቤት ቢበቃም ለአውሮፓ ገዢ አይበቃም። ገዢው የሚፈልገው ማሳው ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን እንደሚርቅና ወደ ምሥራቅስ የት ላይ እንደሚውል የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ ያውም ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አሃዝ የተዘረዘሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ከማሳው ላይ የሚወስድ፣ ከአርሶ አደሩ ስምና ከቡናው ከረጢት ጋር አያይዞ የሚያስቀምጥ፣ ሲጠየቅም አውጥቶ የሚያሳይ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ሶፍትዌር ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው አለ። ያ ሰው በነቀምቴ ወይም በጊምቢ ከአንድ ኮምፒዩተር ፊት ብቻውን የተቀመጠ ወጣት ሊሆን ይችላል። ሥራው ሲበላሽበት የሚያማክረው፣ ሲሳካለት የሚያሳየው ባልንጀራ ከሌለው ግን ብዙም አይራመድም። በሌላው ዓለም፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተለመደ አንድ ቀላል ልማድ አለ። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ምሽት ይባላል። ይህ ጽሑፍ ልማዱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች፣ ከዚያም አልፎ ማሳው ላይ ላለው አርሶ አደር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያስረዳል።

የአንድ ምሽት ውሎ

ዝግጅቱ ስብሰባ ቢመስልም ስብሰባ አይደለም፤ ሥልጠናም አይደለም። ከሥራ መውጫ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በወር አንድ ቀን፣ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች፣ ተማሪዎችና ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሌሎች ሰዎች በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይናገራሉ። ተናጋሪው ባለሥልጣን ወይም ፕሮፌሰር መሆን አይጠበቅበትም፤ ባለፈው ወር የሠራውን አንድ ነገር ይዞ የመጣ ሰው መሆኑ ይበቃል። የሠራውን በትልቅ ስክሪን ያሳያል፣ የጻፈውን ኮድ ይገልጣል፣ የት ላይ እንደተሰናከለና እንዴት እንደተወጣው ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ አልተወጣውም ይሆናል፤ ያን ጊዜ አዳራሹ አብሮት ያስባል። ከረጅሞቹ ንግግሮች በኋላ አምስት አምስት ደቂቃ ብቻ የሚሰጣቸው አጫጭር ገለጻዎች ይከተላሉ። እነዚህ ከዚህ ቀደም በሰው ፊት ቆመው ለማያውቁ ወጣቶች መለማመጃ ናቸው።

ከዚያ ሻይና ቡና ይቀርባል። ልማዱን የማያውቅ ሰው ይህን ክፍል እንደ ትርፍ ይቆጥረው ይሆናል። የምሽቱ ዋና ፍሬ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። በንግግሩ ወቅት ለመጠየቅ ያፈረ ሰው ስኒ ይዞ ወደ ተናጋሪው ይጠጋል፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ከሥራ ፈላጊ ጋር ይተዋወቃል፤ ሳይተዋወቁ ተመሳሳይ ችግር ለየብቻቸው ሲፈቱ የከረሙ ሁለት ሰዎች መተባበር ይጀምራሉ። የቡና ሥርዓት ያደገበት ሕዝብ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም። በአቦል፣ በቶናና በበረካ መካከል ስንት የጎረቤት ጉዳይ መልክ እንደሚይዝ ያውቃልና።

አርሶ አደሩም ልማዱን በሌላ ስም ያውቀዋል። በአማርኛ ደቦ፣ በአፋን ኦሮሞ ዳቦ ወይም ጅጊ የሚባለው የጋራ ሥራ፣ እንዲሁም ወንፈል ወይም ዳዶ የሚባለው የተራ መረዳዳት ሐሳቡ ይኸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን በሳምንት የማይጨርሰውን አጨዳ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ባለቤቱም ምግቡንና ጠላውን ያቀርባል። ልዩነቱ በሶፍትዌር ዓለም አንዴ የተጻፈ ኮድ ለሌላው ቢሰጥ ከሰጪው የማይጎድል መሆኑ ነው። ለጎረቤት ምርጥ ዘር የሰጠ ሰው ከጎተራው የተወሰነ ይቀንሳል። ኮድ የሰጠ ሰው ግን ጎተራው እንዳለ ነው። ለዚህም ነው በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ዋና ዋና ሶፍትዌሮች ማንም ሰው አይቶ፣ አሻሽሎ፣ መልሶ እንዲሰጥ ክፍት ሆነው የሚሠሩት።

ከጋራዥ የተነሣ ልማድ

ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለ ሰፈር የተካሄደ ስብሰባ ነው። ዕለቱ የካቲት 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ከታወጀ ገና አንድ ቀኑ ነው። አዲስ አበባ በሰልፍ በተሞላችበት በዚያ ሰሞን፣ በሌላው የምድር ጫፍ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች በአንድ ግለሰብ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው ስለ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ይወያዩ ነበር። ከተገኙት አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ይባላል። በዚያ ምሽት ያየው ነገር ቀስቅሶት የራሱን ኮምፒዩተር ነደፈ፤ ንድፉንም ለክለቡ አባላት በነፃ አደለ። በቀጣዩ ዓመት ከጓደኛው ከስቲቭ ጆብስ ጋር የመሠረቱት ኩባንያ ዛሬ አፕል ተብሎ በዓለም ይታወቃል። ክለቡ የቢሮም የበጀትም ባለቤት አልነበረም። የነበረው ጋራዥ፣ ወንበርና ያላቸውን የማይደብቁ ሰዎች ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው አይስአዲስ የቴክኖሎጂ ወጣቶች መገናኛና የጀማሪ ድርጅቶች ማሳደጊያ በመሆን ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ በመዲናዋ የጉግል ሶፍትዌር ባለሙያዎች ማኅበረሰብን የመሳሰሉ ስብስቦች እንዲህ ያሉ ዝግጅቶችን ለምደዋል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሥራ በኋላ ለሁለት ሰዓት ንግግር ይህን መንገድ የሚጓዝ ሰው አይኖርም። ልማዱ ወለጋ የሚደርሰው እዚሁ ሲተከል ብቻ ነው።

ችግኙ የሚጸድቅበት አፈር የለም አይባልም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎች አሉት፤ በቄለም በኩል ደግሞ ደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የዳታ ትንተና መሠረታዊ ትምህርቶችን በነፃ እንዲወስድ ዕድል ከፍቷል። ይሁንና የምስክር ወረቀት ሥራ አይደለም። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰርተፊኬት ያለውና በከተማው ያለ አንድ ሱቅ እንኳ ሶፍትዌር የጻፈለት ወጣት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚሸጋገርበት ድልድይ ያስፈልጋል። ወርኃዊው ምሽት ከርካሾቹ ድልድዮች አንዱ ነው።

ነቀምቴ ላይ ብቻ የሚነሡ ጥያቄዎች

እንዲህ ያለ ዝግጅት ነቀምቴ ላይ ቢዘጋጅ የሳን ፍራንሲስኮን አጀንዳ መቅዳት አይጠቅመውም። የአካባቢው ጥያቄ ከዚያ የከበደ ነው። አንደኛው ስም ነው። «ጫላ» የሚባል አርሶ አደር በአማርኛ ሲጻፍ በ«ጫ» ይጀምራል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ በሆነው ቁቤ ሲጻፍ ደግሞ «ሲ» በተባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ አናባቢዎቹም ይደረባሉ። ባንክ ቤት በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጽፈው «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው ይመጣሉ፤ አናባቢውም አንድ ብቻ ይሆናል። ሰው ሦስቱንም አይቶ አንድ ጫላ መሆኑን ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ጫላና በመሠረታዊ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው ጫላ ካልተገናኙ የቡናው ባለቤት ያልታወቀ ይሆናል። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ልዩ ቁጥር ይህን ችግር የማቃለል ዕድል አለው፤ ቁጥር በሦስት ዓይነት ፊደል አይጻፍምና። ሆኖም ቀደም ብሎ በስም ብቻ የተመዘገበውን መዝገብ ከቁጥሩ ጋር የማገናኘቱ ሥራ ይቀራል።

የፊደል ነገር ለአንጋፋ የቢሮ ጸሐፊዎች አዲስ አይደለም። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለው ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ይታይ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ እ.አ.አ. በ1999 ከገባ በኋላ ያ ጣጣ እየቀለለ መጣ። መፍትሔው የመጣው ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ከቴክኖሎጂው ሰዎች ጋር ተቀምጠው በመሟገታቸው ነው። ለስም አጻጻፉም ችግር ቢሆን የተለየ መንገድ አይታይም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ዓመት አሥራ ሁለት ወር መሆኑን አምኖ የተጻፈ ነው። ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው ልደቱን የሚያስገባበት ሣጥን አያገኝም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማሳ የተመዘገበለት ገበሬ በኮምፒዩተሩ ዘንድ በውድቅት ሌሊት ማሳው ላይ የቆመ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እነዚህ የሚያስቁ ይመስላሉ። ነገር ግን አንድ ላኪ ሰነዱ የቀን ስሕተት ስላለበት ተመለሰበት ሲባል ሳቁ ይቆማል።

ኔትወርክ ሌላው ነው። ከነቀምቴ ዋና መንገድ ወጣ ሲባል ሲግናሉ መጥቶ ይሄዳል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ እንደነበርም የአካባቢው ነዋሪ አይዘነጋውም። ስለዚህ በወለጋ የሚሠራ መተግበሪያ ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ መነሣት የለበትም። መረጃውን በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሳምንትም ይሁን ወር ቆይቶ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚልክ መሆን አለበት። ሁለት የልማት ሠራተኞች ኔትወርክ በሌለበት ተመሳሳይ ገበሬን ለየብቻ መዝግበው ቢመለሱስ የትኛው ይጸናል? ይህ ለባለሙያዎች ምሽት የተመቸ ጥያቄ ነው። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱም የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

ከጥላ ዛፍ ሥር ያለው ቡና

ከሁሉ የሚከብደው ግን በመግቢያው የተነሣው የማሳ ቁጥር ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመግታት ያወጣው ደንብ እ.አ.አ. በሰኔ 2023 ጸንቷል። ከብትን፣ ካካዎን፣ ፓልም ዘይትን፣ ጎማን፣ አኩሪ አተርንና እንጨትን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል፤ ቡና አንዱ ነው። ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና ከእ.አ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫውም የማሳው መገኛ ነው። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን የሚያሳይ ቅርጽ ያስፈልጋል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። አሁን በተያዘው ቀጠሮ ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለጥቃቅንና አነስተኞቹ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ጀርመንን ጨምሮ የአውሮፓ አገሮች ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች መካከል ናቸው። በዓለም ገበያ «ለቀምቴ» በሚል ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡናም ከዚያው ገበያ ይደርሳል። አብዛኛው የወለጋ ቡና አምራች ያለው መሬት ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ በመሆኑ አንድ ነጥብ ይበቃዋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ ስልክ ይዞ ማሳው መሐል መቆምና ቁልፍ መጫን። ከማሳው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ስልክ ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት በመቀበል ነው። ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ክፍት ሲሆን፣ ተራ ስማርት ስልክ የሚሳሳተው ጥቂት ሜትር ነው። የወለጋ ቡና ግን ሜዳ ላይ አይበቅልም። ከወንዛ፣ ከብርብራና ከመሳሰሉት የጥላ ዛፎች ሥር ነው ያለው። ቅጠሉና ግንዱ ምልክቱን ስለሚያደክመውና ስለሚያነጥረው ስሕተቱ ይሰፋል። ደንቡ የሚጠይቀው ስድስተኛ አሃዝ ወደ መሬት ሲለወጥ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ ጋት እንደማለት ነው። ስልኩ አሥር ሜትር እየሳተ በጋት የተለካ የሚመስል ቁጥር ይጽፋል። ግማሽ ሄክታር ማለት ሃምሳ ሜትር በመቶ ሜትር ነው፤ ከዳር ቆሞ ነጥብ የወሰደ መዝጋቢ ማሳውን በጎረቤት መሬት ወይም በመንግሥት ደን ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። አሃዙ መብዛቱ እውነቱን አያበዛም። ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን የሚያውቀው ወይ ራሱ ጫካ ገብቶ ሲሞክር ነው፣ ወይም የሞከረ ሰው በአንድ ምሽት ቆሞ ሲነግረው ነው።

ሌላም አለ። ከሳተላይት ፎቶ ደን መመንጠሩን የሚለይ ፕሮግራም የሚያየው የዛፍ ሽፋን መኖሩንና መጥፋቱን ነው። ያረጀ የቡና ተክል ምርቱ ሲቀንስ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ይህም ጉንደላ ይባላል። ተክሉ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ምርት የሚሰጠው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከላይ ለሚያይ ዓይን የተጎነደለ ማሳ የተመነጠረ ደን ይመስላል። የግብርና ባለሙያው ምከር ሲባል «ጎንድሉ» ብሎ የመከረው፣ አርሶ አደሩም ሰምቶ የፈጸመው መልካም ሥራ በኮምፒዩተሩ ዘንድ የደን ጭፍጨፋ ሊሆን ነው። ይህን ስሕተት የሚያርመው ኮድ ብቻውን አይደለም፤ ጉንደላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከኮድ ጸሐፊው አጠገብ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ በእንዲህ ያለው ምሽት የልማት ሠራተኛ፣ የመሠረታዊ ማኅበር ሒሳብ ሹምና ቡና አቅራቢ መጋበዝ ያለባቸው ለጨዋነት ሲባል አይደለም። እነሱ ከሌሉ ኮዱ ይሳሳታል።

ከምሁራንና ከገበሬ መሐል የተወለዱ ሥራዎች ቀድሞም አሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በነፃ ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ አድርጓል። ንድፉ የተነሣው ብዙ ገበሬ ባለ ቁልፍ ስልክ እንጂ ስማርት ስልክ እንደሌለው፣ የማያነብም ብዙ እንደሆነ በመቀበል ነው። ቴሌብር *127# በሚለው አጭር ቁጥር ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ መደረጉም ተመሳሳይ ማስተዋል አለበት። በጅማ የተነሣው ዴቦ ኢንጂነሪንግ ደግሞ የቅጠል ፎቶ አይቶ የሰብል በሽታን የሚለይ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ጅማ ያፈራችውን ነቀምቴ የማታፈራበት ምክንያት አይታይም። በምዕራብ ወለጋ ሰብሉንም ቤቱንም የሚበላው ምስጥ፣ ኖራ የሚፈልገው አሲዳማ አፈር፣ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ባለው የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ቢኤች 660 ያሉ የበቆሎ ዲቃላዎች የሚዘሩበት ትክክለኛ ሳምንት፣ ሁሉም ጥሩ የሶፍትዌር ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄውን የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው።

መረጃው የማን ነው?

በእንዲህ ያለ መድረክ ሊድበሰበስ የማይገባ ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው። ማሳውን የመዘገበው አቅራቢ ወይም ላኪ ከሆነና ቁጥሩ በእሱ ኮምፒዩተር ብቻ ካለ፣ አርሶ አደሩ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ገዢ ልሽጥ ቢል እንደገና መመዝገብ ይኖርበታል። በዚህም ከመጀመሪያው ገዢ ጋር ሳይፈልግ ሊታሰር ይችላል። የማሳው ቁጥር የገበሬው የመደራደሪያ አቅም እየሆነ ነው ማለት ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ሰብሳቢዎች መረጃውን ለምን እንደሚሰበስቡ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ሰውም ስለ እሱ የተያዘውን የማወቅና ስሕተት ካለ የማሳረም መብት ይሰጠዋል። ስልክ ይዞ ማሳ ድረስ ለሚመጣ መዝጋቢ ሁሉ መታወቂያ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚመዘግበው ለማን ነው? መረጃው የት ይቀመጣል? ሌላ ማን ያየዋል? ቁጥሩ ተጽፎ ለባለማሳው ይሰጣል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይታለፍም። ሁለቱን ቁጥሮች በይዞታ ደብተሩ ጀርባ ጽፎ መያዝ ምንም ወጪ የለውም። ቁጥሩ በ9 እና በ35 ዙሪያ የሚጀምር ከሆነ በጊምቢ አካባቢ መሆኑ ያስኬዳል፤ የመጀመሪያው በ35፣ ሁለተኛው በ9 ከተጻፈ ግን መዝጋቢው አገላብጦታል፤ ማሳውም ሌላ አገር ሄዷል ማለት ነው። ይህ መገላበጥ ባለሙያዎችንም የሚያሳስት የተለመደ ስሕተት ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው

ወጪው ትንሽ ነው። ሠላሳ ወንበር፣ ፕሮጀክተር፣ መብራት ቢጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ፣ ሻይና ቡና። «ምሽት» የሚለው ስም ማንንም ማሰር የለበትም። በጸጥታ ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ በሚገባበት ወቅት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ ከጊምቢና ከነጆ የሚመጣም በብርሃን ይመለሳል። ጊዜው ሲመሽ ቀድመው የሚቀሩት ሴቶች ስለሆኑ የቀን ዝግጅት ለእነሱም ይበጃል። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ቢሆን፣ እንግሊዝኛው ለቴክኒክ ቃላቱ ብቻ ቢቀር፣ የቡና አቅራቢውም ይሰማል። ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ቢገኝ ስሙን በግድግዳ መለጠፍ እንጂ መድረኩን ለማስታወቂያ መያዝ እንደሌለበት ከመነሻው መነጋገር ይገባል። በሌላ ቦታ ብዙ እንዲህ ያሉ ስብስቦች የሞቱት ንግግሩ ወደ ሽያጭ ሲለወጥ ነው። ሌሎቹ የሞቱት አዘጋጁ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሲደክመው ነው። ሦስት ሰው ቢፈራረቅ ዕድሜው ይረዝማል።

የመጀመሪያው ርዕስ ምን ይሁን ለሚለው፣ የቡና ማሳ ምዝገባ ሊቀድም የሚችልበት ምክንያት አለ። ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 የሚውለው የወለጋ ቡና ለቀማ ከተጀመረ በኋላ፣ ጀንፈሉ በአልጋ ላይ እየደረቀ ባለበት ሰሞን ነው። ማሳ ለማሳ እየተዞረ ነጥብ የሚወሰደው ደግሞ ወንዝ ከመሙላቱና የገጠሩ መንገድ በጭቃ ከመዘጋቱ፣ ከሰኔ በፊት ነው።